የአማቴ ቁም ሣጥኖች

ሰኞ፣ ጥር 6

ተራ ቀን። ቢሮ ሄድኩ፣ ተናደድኩ፣ ተመለስኩ።

የሦስተኛው ፎቅ ምሰሶ ከሁለተኛው ፎቅ ምሰሶ ጋር አልገጠመም። አንድ ክንድ ያህል ስቶ አየር ላይ ቆሟል። ፕላኑን የሠራው ባልደረባዬ ትንሽ ነው የሳተው አለኝ። ትንሽ... ሕንፃ ትንሽ ይወድቃል? በቀይ እስክሪብቶ ሳከብበው ወረቀቱ ተቀደደ። ከዚያ በኋላ ማንም ወደ ጠረጴዛዬ ዝር አላለም። ይሻላል።

ራት ላይ ባለቤቴ ሾርባ እየቀዳችልኝ እናቷ ከእኛ ጋር ሊኖሩ እንደሆነ ነገረችኝ። የቤታቸው ደረጃ አልሆናቸውም፣ ጆሯቸውም ብሶባቸዋል። እሺ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? ቀጥሎ የመጣውን ግን አልጠበቅኩም። ያለን ትርፍ ክፍል አንድ ነው። የእኔ። የሙዚቃዬ ክፍል።

"ክፍሉ ለእናቴ። ሳሎኑ አንድ ጥንድ ይችልልሃል። አንዱን ምረጥና ሌላውን ለሚወስድ ስጥ።"

አራት ጥንድ ስፒከር ያለውን ሰው አንዱን ምረጥ ማለት ከአራት ልጆችህ አንዱን አስቀር ማለት ነው አልኳት።

"ልጆችህ ቢሆኑ እስካሁን አግብተው ይወጡልኝ ነበር" አለች።

እስከ የካቲት መጨረሻ ጊዜ ተሰጠኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 8

ገብቼ አራቱን ጥንድ ስፒከሮች አየኋቸው። በሩን ዘግቼ።

ማማዎቹ፦ ቀጭን፣ ግራጫ፣ ቁመታቸው ትከሻዬ ይደርሳል። እንከን የላቸውም። ወንፊቶቹ፦ ስስ ናቸው፣ ማዶ ያሳያሉ፣ ድምፃቸው እንደ ጭጋግ የረቀቀ ነው። ጡቦቹ፦ ተማሪ ሳለሁ የገዛኋቸው፣ ከጡብ ብዙም የማይበልጡ፣ ለቁመታቸው የማይመጥን ጉራ ያላቸው። ከዚያ ቁም ሣጥኖቹ። ከተዘጋ የጭፈራ አዳራሽ ነው ያወጣኋቸው። ቡናማ እንጨት፣ እያንዳንዱ ለሁለት ሰው ሸክም። ቤት የገቡ ቀን ባለቤቴ እውነተኛ ቁም ሣጥን መስሏት በሩን ፈልጋ ነበር። ስሙ በዚያው ጸና።

የትኛው ይቅር? በልኬት ማማዎቹ። በልብ... ልብ መለኪያ የለውም።

ደግሞ ለማን ብዬ? ለአማቴ። ከሃያ ዓመት በላይ እንደ ውሻና ድመት ኖረናል። ገና እጮኛ ሳለሁ፣ መጀመሪያ ቤታቸው የሄድኩ ቀን፣ አዲሱ የበረንዳቸው ብረት ዘሟል አልኳቸው። ዘሞ ነበራ! የትልቅ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት የነበሩ ናቸው፣ እርማት መስጠት እንጂ መቀበል አያውቁም። እስከ ዛሬ ድረስ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። "ኢንጂነር" ይሉኛል፣ ሰው "እንቅፋት" በሚልበት ድምፅ።

ቅዳሜ፣ ጥር 11

ሁለቱ መጡ። የሙዚቃ ጓደኞቼ፣ ጥርስ ሐኪሙና ሻለቃ። ሻለቃ ወታደር ሆኖ አያውቅም፣ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነው። መኪና የሚያቆምን ሰው ሁሉ "ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ በቃ" እያለ ስለሚያዝ ነው ስሙ የወጣለት።

ሐዘኔን አካፈልኳቸው። ጥርስ ሐኪሙ አንድ ጥያቄ አመጣ። በዕድሜህ ከነበሩህ ስፒከሮች ሁሉ ይበልጥ ያስደሰተህ የትኛው ነው? የተሻለው አይደለም። ያስደሰተህ።

ሻለቃ አላመነታም። ታላቅ ወንድሙ ከተረፈ የበር እንጨት የሠራለት ነው። የእጀታው ቀዳዳ አልተደፈነም ነበር፣ ባሱ በዚያ በኩል እየተነፈሰ ይወጣ ነበር። ልጅ ሆኖ እጁን ቀዳዳው ላይ አድርጎ ነፋሱን ይሞቅ ነበር። ሲያወራ ፊቱ እንዴት በራ!

ጥርስ ሐኪሙ ደግሞ የሚወደውን ሸጦ የተሻለ ገዛ። ከዚያ ወዲህ ያንን የሚመስል ሲገዛና ሲሸጥ ይኸው ፀጉሩ አለቀ። "የቆጡን ላውርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ" አለ። ሳቅን። ታካሚ አፉን ከፍቶ ሲጠብቀው ስለ ስፒከር እያሰበ ደህናውን ጥርስ ሊነቅል ምንም አልቀረውም ነበር። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ።

እኔስ? ማማዎቹ በልኬት... ብዬ ጀመርኩ።

ሻለቃ አቋረጠኝ። "ያስደሰተህ አልን እንጂ የለካኸው አላልንም።"

እኔ! መልስ አጣሁ!

እሁድ፣ ጥር 12

ፍርዱ ሳሎን ውስጥ ይሁን። የሚኖሩበት እዚያ ነው፣ የሚፈተኑትም እዚያ። አራቱንም ጥንድ አወጣኋቸው። ወገቤ ተቆረጠ፣ ደስ አለኝ።

የድሮው ገመድ ስለማይደርስ አራቱም ጥንድ በየተራ የሚሰኩበት አዲስ ሠራሁ። በአምፕሊፋየሩ በኩል ያሉትን ጫፎች ሁሉ አንድ ዓይነት ጥቁር ልባስ አለበስኳቸው። ያ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ጥቁር የሆነ ዝብርቅርቅ ዓይኔን ይወጋዋል። አሁን ንጹሕ ነው። ሰልፍ የቆመ ይመስላል። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት።

"ገመድ ነው" አለች።

ሐሙስ፣ ጥር 16

የሆነ ነገር አለ።

ማማዎቹን አዳመጥኩ። ባሱ የት ገባ? ወንፊቶቹን ቀየርኩ። ዘፋኙ ሳሎኑን ሁሉ ሞልቷል፣ ግን የትም አልቆመም። ልጨብጠው ብል እጄ ባዶ ነው። ጡቦቹ እንኳ ጉራቸው ጠፍቷል። ቁም ሣጥኖቹ... እነዚያ የጭፈራ አዳራሽ ያንቀጠቀጡ ጉዶች... ጉንፋን እንደያዘው ሰው አፈኑ።

ግድግዳው ነው። ወይም ሶፋው። ወይም ይህ ምንጣፍ። ምንጣፉን ጠቀለልኩት። ባለቤቴ ዘረጋችው። ጠቀለልኩት። ዘረጋችው።

ቅዳሜ፣ ጥር 18

ምስክር ጠራሁ። ሁለቱም ሶፋው ላይ ቁጭ አሉ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ማጅራታቸውን አየሁ። አራቱንም አሰማኋቸው።

ጥርስ ሐኪሙ ስፋቱን አደነቀ። ሻለቃ ድምፁ ከቤቱ ይሰፋል አለ። ባሱስ ስላቸው ተያዩ። አለ፣ አለ፣ ረቀቅ ብሎ አለ አሉ።

ረቀቅ ብሎ!

ሻዩን ሳይጨርሱ ሄዱ።

ሰኞ፣ ጥር 20

ለካሁ። ማይክሮፎን ፊት አድርጌ ስፒከሮቹን አንድ በአንድ፣ ግራውን ለብቻ፣ ቀኙን ለብቻ። ሁሉም እንከን የላቸውም። መሥመሩ መጽሐፍ ላይ የተሣለ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ስፒከሮቹ ደህና ናቸው። ግድግዳውም ይህን ያህል አያጠፋም፣ አስልቻለሁ።

የቀረ አንድ ነገር ነው። ሁለቱ ጓደኞቼ ይሰማሉ፣ እኔ አልሰማም... ያረጀው ጆሮዬ ይሆን? ሰው በዚህ ዕድሜው እንዲህ በአንድ ሳምንት ይደነቁራል?

እናቴንም እንዲሁ ነው የጀመራቸው አለች ባለቤቴ። ሳቅ ሳይሆን ሐዘን ነበር ድምፅዋ ላይ። ይህ ነው ያስፈራኝ።

ሁሉንም ልስጥ? ካልሰማሁ ሳሎኑን ለምን አጨናንቃለሁ?

ረቡዕ፣ ጥር 22

አማቴ ገቡ። ከዘራቸውን እያንኳኩ ሳሎኑ መሀል ቆሙ። ስምንቱን ስፒከሮች ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸው።

"እነዚህ ሁሉ እንግዶች ለምን ቆመዋል? ተቀመጡ በላቸው እንጂ።"

ባለቤቴ ተንከትክታ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ትንሽ ሳቅኩ።

እሁድ፣ ጥር 26

ልጻፍ። ቀስ ብዬ ልጻፍ።

ባለቤቴ ገበያ ሄደች። ለስንብት ያህል ቁም ሣጥኖቹን ከፈትኩ። ጎርናና ድምፅ ያለው ዘፋኝና አንድ ትልቅ ባስ ያለበትን ሸክላ አስቀመጥኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። እንደዚያው ነው። የታፈነ። ባዶ። ዓይኔን ስገልጥ አማቴ ፊቴ ቆመዋል። አይሰሙም፣ ግን የግራውን ስፒከር በመዳፋቸው እየዳበሱ ነው። የፊት ጨርቁን ነቅለው ጥለውታል። መዳፋቸውን ድምፁን ወደሚገፋው ክብ መርገብገቢያ አስጠግተዋል። ቀጥለው የቀኙን። ተመልሰው የግራውን።

"አምጣው፣ ይህንን ከዚያ ጋር አስጠጋው።"

አይሆንም አልኩ። ቦታው ተለክቶ ወለሉ ላይ ምልክት ተደርጎበታል።

"ኢንጂነር። አምጣው አልኩ።"

ያ ድምፅ... ስንት ሺህ ልጅ በዚያ ድምፅ ተሰልፏል። እግሬ ሳያማክረኝ ተነሣ። ገፋሁት። ጎን ለጎን ሆኑ። አንድ መዳፍ እዚህ፣ አንድ መዳፍ እዚያ አደረጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"እነዚህ ሁለቱ ሆድና ጀርባ ናቸው። አንዱ ወደ እኔ ሲመጣ አንዱ ይሸሸኛል።"

ደሜ ፈላ። ይህ እንዴት ሊሆን እንደማይችል አስረዳኋቸው። ተነሥቼ፣ በእጄም፣ በወረቀትም። ድምፅ ሞገድ ነው፣ ሁለቱም መርገብገቢያዎች እኩል መግፋት እኩል መሳብ አለባቸው፣ አንዱ ሲገፋ አንዱ ከሳበ ባሱ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ ዘፋኙም መቆሚያ ያጣል፣ እንዲህ የሚሆነው ደግሞ አንድ ደደብ የአንዱን ፕላስና ማይነስ አገላብጦ ከሰካው ብቻ... ብዬ...

ዓይኔ ወደ ጥቁሩ ልባስ ሄደ።

አማቴ ከንፈሬን ሲያዩ ቆይተው "ጨረስክ?" አሉ። ከተናገርኩት አንዲት ቃል አልሰሙም።

በአራት እግሬ አምፕሊፋየሩ ጀርባ ገባሁ። ያንን የሚያምር ጥቁር ልባስ በቢላ ቀደድኩት። የቀኙ፣ ቀይ በቀይ። የግራው... ቀዩ ሽቦ ማይነሱ ላይ ተቀምጧል። ኮርቶ! እኔ በእጄ፣ ለማማር ብዬ የሸፈንኩት! ለካሁ አላልኩም እንዴ? ለካሁ፣ አንድ በአንድ። ለብቻው ሲሆን ሁሉም ጨዋ ነው። የሚጣሉት አብረው ሲሆኑ ነው።

ገለበጥኩት። መርፌውን ሸክላው ላይ አሳረፍኩ።

ባሱ መጣ። እንዴት ብዬ ልጻፈው? ሞቷል የተባለ ዘመድ በር ከፍቶ እንደመግባት ነው። ከእግሬ ሥር ጀመረ፣ በጉልበቴ ወጣ፣ ሆዴ ውስጥ ተቀመጠ። ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ማውራት ጀመሩ። ዘፋኙ መሀል ላይ ቆመ፣ በሁለት እግሩ፣ ጉሮሮውን ሲጠራርግ ሰማሁት። ጆሮዬ አልሞተም! ጆሮዬ ደህና ነው!

ጮቤ ረገጥኩ። ይህ የአነጋገር ዘይቤ አይደለም፣ በእውነት ረገጥኩ፣ በካልሲ።

አማቴ መዳፎቻቸውን አላነሡም። አገጫቸው ከባሱ ጋር ይንቀጠቀጣል። ድድ እስኪታይ ሳቁ።

"አሁን ታረቁ" አሉ።

ባለቤቴ ከገበያ ስትመለስ እኔና እናቷ ቁም ሣጥኖቹን አቅፈን፣ እኔ የግራውን እሳቸው የቀኙን፣ አገኘችን። ቦርሳዋን ቀስ አድርጋ መሬት አስቀመጠች። የሚደወልለት ሐኪም አለ ወይ ብላ ጠየቀች።

ሰኞ፣ ጥር 27

ቢሮ እያፏጨሁ ገባሁ። ሰዎች ደነገጡ። ጸሐፊዋ አሞህ ነው ወይ አለችኝ።

ሐሙስ፣ ጥር 30

አራቱንም በአዲስ ጆሮ ሰማኋቸው። ማማዎቹ ጎበዝ ናቸው፣ ምንም እንከን አይወጣላቸውም። ወንፊቶቹ ያስለቅሳሉ። ጡቦቹ ጉራቸው ተመልሷል፣ እነዚህ ወሮበሎች። ግን ቁም ሣጥኖቹ ሲጀምሩ ሰውነቴ ከእኔ ቀድሞ ይነሣል። በልኬት ከሁሉም ያንሳሉ። ከላይ ይጮሃሉ፣ ከመሀል ትንሽ ያብጣሉ። ሁሉንም አውቃለሁ። አውቃለሁና ምን ይጠበስ? ሸክላ ካስቀመጥኩ በኋላ ማስታወሻ ለመያዝ ያነሣሁት እስክሪብቶ ሁልጊዜ ተረስቶ ጆሮዬ ላይ ነው የሚገኘው።

መልሱ ይህ ነው። ያስደሰቱኝ እነዚህ ናቸው። የዛሬ ሦስት ሳምንት ማን አፌን ያዘኝ?

አንድ ችግር ብቻ... ሳሎን ካደሩ በሩ በግማሽ ነው የሚከፈተው። ባለቤቴ ዛሬ በጎን ነው የገባችው። ምንም አላለችም። ይህ ጥሩ ምልክት አይደለም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 2

ሁለቱ መጡ። ሳልነግራቸው ቁም ሣጥኖቹን ከፈትኩ። ሻለቃ ከሶፋው ተነሣ። ጥርስ ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ ነገርኳቸው። ሳቅ እጠብቅ ነበር። አቀረቀሩ።

ለካ ያኔም ሰምተዋል! ጥርስ ሐኪሙ ገና በመጀመሪያው ዘፈን ሽቦ እንደተገለበጠ ጠርጥሯል። መኪና ውስጥ ሆነው ሁለቱም ተማክረዋል፣ ማን ይንገረው ተባብለዋል።

ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም? ስፋቱን ስታደንቁ አልነበረም እንዴ?

ሻለቃ ነው የመለሰው። "ከኋላችን እኮ ቆመህ ነበር። ባለፈው ጊዜ ሸክላህ አቧራ አለው ስልህ አንድ ወር አኩርፈሃል። ማን ይድፈርህ?"

"ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" አለ ጥርስ ሐኪሙ፣ ጫማውን እያየ።

ልቆጣ ነበር። አፌ ተከፍቷል። ከዚያ ራሴን አየሁት፣ ከሁለት ማጅራት ጀርባ እንደ ፈተና ጠባቂ ቆሜ... ሳቄ አመለጠኝ። ሻለቃ ተከተለኝ። ጥርስ ሐኪሙ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። አማቴ ከክፍላቸው ወጥተው ምን እንዳሳቀን አልጠየቁም፣ አብረውን ሳቁ።

ወንፊቶቹን ጥርስ ሐኪሙ ይወስዳል። ማማዎቹን ሻለቃ። ጡቦቹ ባለቤቴ ጋ ወጥ ቤት ገቡ፣ ራሷ ጠየቀች። እኔ ሰካሁት፣ ከዚያ እሷን ጠርቼ ቀይ በቀይ መሆኑን አይተሽ ንገሪኝ አልኳት። ግንባሬን ዳሰሰችኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 6

ባልደረባዬ ምሰሶውን አስተካክሎ አመጣ። ገጥሟል። እስኪ የእኔንም እየው ብዬ የራሴን ፕላን ሰጠሁት። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አየ፣ አላበው። በመጨረሻ በጣቱ አንድ ቦታ ነካ። የደረጃው ቁመት ከፎቁ ቁመት ጋር አይገጥምም።

ትክክል ነው። በቀይ እስክሪብቶ አክብበው አልኩት። አልደፈረም። በእርሳስ፣ በጣም ትንሽ ክብ ሠራ። ሽንብራ ታክላለች።

ሽንብራም ትሁን፣ ጀምሯል።

እሁድ፣ የካቲት 10

ባለቤቴ ፈረደች። በሳሎኑ በር በጎን መግባት በቃት። ቁም ሣጥኖቹ ይውጡ፣ ወይ እሷ ትወጣለች። ክው አልኩ። አሁን? አሁን ካወቅኳቸው በኋላ?

አማቴ ሁለታችንንም አዩን። ልጃቸው ጆሯቸው ላይ ተጠግታ ጮኻ ነገረቻቸው።

"የት ነበሩ መጀመሪያ?"

አሁን እርስዎ ያሉበት ክፍል አለቻቸው።

"ታዲያ ክፍል የሚሰጠው ከነዕቃው ነው። መልሱልኝ ዕቃዬን።"

ባለቤቴ አልጋው፣ ቦታው፣ እንቅልፉ ብላ ጀመረች። አልሰሙም፣ ወይም አልሰማ አሉ። በዚህ ዕድሜ ሁለቱን ለመለየት ያስቸግራል። እኔ ግን ገመዱን መጠቅለል ጀምሬያለሁ። ሻለቃ ተጠርቶ መጣ፣ "ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ በቃ" እያለ አስገባን። አልጋው በአንደኛው ግድግዳ፣ ቁም ሣጥኖቹ በሌላው። እንደ እንቦሳ ነው የቦረቅኩት፣ ወገቤን ይዤ።

አንድ ነገር ብቻ። ክፍሉ አሁን የሳቸው ነው። ሙዚቃ በሳቸው ሰዓት ነው። ሸክላ በሳቸው ምርጫ ነው፣ የሚመርጡትም በባሱ ነው። በር ይንኳኳል፣ እንዲሰሙ ደግሞ ጆሯቸው... ስለዚህ ከበሩ በላይ መብራት ሰቀልኩላቸው። ማብሪያውን ስጫነው ብልጭ ይላል። ሁለቱንም ሽቦ ባለቤቴ አይታዋለች።

ሰኞ፣ መጋቢት 2

ከሥራ ስመለስ መብራቱን አበራሁ። ግባ አሉኝ። እግሬን ጠርጌ ገባሁ። ሁለት ወንበር አለ። ጥሩው፣ መሀል ላይ ያለው፣ የሳቸው ነው። እኔ ከጎን እቀመጣለሁ። ከጎን ሆኖ ስቴሪዮ ልክ አይሰማም። ግድ የለኝም። እግሮቼን ወለሉ ላይ ዘርግቼ ባሱን በተረከዜ እሰማለሁ። ከሳቸው የተማርኩት ነው።

ዛሬ ገና ከበሩ አንድ ነገር አየሁ። የግራው ቁም ሣጥን ዘሟል። አንድ ሰው ከዘራውን ሊያስደግፍ ገፋ አድርጎታል። ግልጽ ነው፣ ዓይን ይወጋል። ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ።

ተቀመጥኩ። ሻይ ቀዱልኝ። ጠጣሁ። ሸክላው ተጀመረ። ያንን የዘመመ ጥግ እያየሁ... ዘፈኑ ግን እንዴት ያምራል! እንደዘመመም! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። መርፌው ሲነሣ አማቴ መዳፋቸውን ከእንጨቱ ላይ አነሡ።

"ያ የበረንዳዬ ብረት" አሉ፣ ወደ መስኮቱ እያዩ። "ዘሞ ነበር። አንተ እንደወጣህ በቱንቢ ለካሁት። በሳምንቱ አስነቀልኩት።"

ሻዩ ትን አለኝ። ከሃያ ዓመት በላይ! ታዲያ ለምን... በእጄ ጭምር ጠየቅኳቸው።

"ልክ ነበርክ። ልክነትህን ማን ጠላው? ገና እግርህ ሳይገባ፣ ሻዬን ሳትቀምስ ነገርከኝ።" ከዘራቸውን አነሡና ወደ ግራው ቁም ሣጥን ጠቆሙ። "ይህንንስ አላየኸውም?"

አይቼዋለሁ እማማ አልኩ። ከንፈሬን አነበቡ።

"አውቃለሁ። ሆን ብዬ ነው ያዘመምኩት። ዘጠኝ ከአሥር።"

ዘጠኝ? አንዷስ ለምን ቀረች? ሻይ ጠጥቻለሁ፣ ዘፈኑን አስጨርሻለሁ፣ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም! ተነሥቼ ተከራከርኩ፣ ባለቤቴ እስክትመጣ ድረስ። አማቴ ቀጣዩን ሸክላ እየመረጡ ነበር፣ ቀና አላሉም።

"ዘፈኑ እስኪያልቅ ዓይንህን ከሱ አልነቀልክማ፣ የኔ ልጅ።"